የአርባ አምስት ደቂቃው ጥቅልል

ከአገሪቱ ቀደምት የፊልምና የቴሌቪዥን አዘጋጆች አንዱ የነበረው ክብሩ ዳምጤ፣ ሴቻ ሰፈር በሚገኘው ቤቱ፣ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ በተጋረደ ክፍል ውስጥ ከፕሮጀክተሩ አጠገብ ሞቶ ተገኘ። ሐኪሙ በትራስ ታፍኖ መሞቱን አረጋገጠ። ኢንስፔክተር ዕድላዊት ስትደርስ የቤት ሠራተኛዋ ማሚቱ በፖሊስ መኪና ውስጥ ተቀምጣ ነበር።

ዕድላዊት ወንበር ቢቀርብላትም አልተቀመጠችም። ከአባያ ሐይቅ በኩል የሚመጣው ነፋስ መስኮቱን ባንገጫገጨ ቁጥር ትዞራለች፤ ስም ልታወጣለት ያልቻለችው አንዳች ነገር ይቆረቁራታል።

«ምን ይዘው ነው ያሰሯት?»

«ሰዓቱን» አለ የሟቹ የወንድም ልጅ ገነነ። «አራት ሰዓት ላይ ስመጣ በር የከፈተችልኝ እሷ ናት። የፊልሙ ድምፅ ያኔውኑ ተቋረጠና ያለቀው ጥቅልል ጫፉ ማሽኑን ይገርፍ ጀመር። ስንገባ አጎቴ ሞቷል። የፊልሙን ቆርቆሮ እዪው፤ ‹45 ደቂቃ› ብሎ በእጁ ጽፎበታል። እንግዲህ ፊልሙን ያስነሳው ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቤት የገባችው እሷ ብቻ ናት።»

«ከዚያ በፊት ማን ነበር?»

«ጋሽ አሞጽ፣ የዕድሜ ልኩ ካሜራ አንሺ። ሦስት ሰዓት ላይ ወጡ። ልክ ከሩብ ላይ የቤተ ክርስቲያናቸውን የሽማግሌዎች ስብሰባ በጸሎት ከፍተዋል። ሃያ ሰው ይመሰክራል።»

«አጎትህ ምን ዓይነት አዘጋጅ ነበር?»

ገነነ ፈገግ አለ። «ከሬዲዮ ድራማ ነው የመጣው። ተዋንያኑ ፊት ዓይኑን ጨፍኖ ይቀመጣል፤ አንዲት ትንፋሽ ከቦታዋ ከወጣች ቀረጻው ይቆማል። ‹ዓይን ይታለላል፣ ጆሮ አይታለልም› ይል ነበር።»

ዕድላዊት ወደ መኪናው ሄደች።

«ከገበያ ስትመለሺ ምን ሰማሽ፣ ማሚቱ?»

«ሦስት ሰዓት ተኩል ነበር። ፊልሙ ያጓራል እህቴ፣ እንደ በሬ። አንዱ ይዘፍናል፤ ዘፈኑ ግን ይጎተታል። ማሽኑም እንደ ጋሼ አረጀ አልኩና ሙዜን ወደ ጓዳ አስገባሁ።»

«ትናንት ስትጮኺባቸው ጎረቤት ሰምቷል።»

«‹ነገ በሥራዬ ሃምሳኛ ዓመት በዓል ላይ ስለ አባትሽ እናገራለሁ› አሉኛ። አሁን ይንገሩኝ ብል እምቢ አሉ። አባቴን ጫሞ ሐይቅ ነው የበላው፣ እኔ ሆድ ውስጥ እያለሁ። ሌላ ምን የሚነገር አለ?»

አሞጽ ለልቅሶ ሲመጣ ዕድላዊት በፕሮጀክተሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ማዞሪያ አሳየችው። «ይህቺ ምንድን ናት፣ ጋሽ አሞጽ?»

«የተሰበረች ናት፣ ልጄ። ድሮም አትሠራም።»

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱንም በዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው፤ ማሚቱን ፖሊስ ይዟት ገባ።

«ሁላችሁም ከቆርቆሮው ጀመራችሁ» አለች እየተንጎራደደች። «ከአራት ሰዓት ላይ አርባ አምስት ደቂቃ ሲቀነስ ሦስት ሰዓት ከሩብ ይሆናል። ስሌቱ ትክክል ነው፣ ማሽኑ በልኩ ከሮጠ። ማዞሪያዋ ሃያ አራት ላይ ስትሆን በሰከንድ ሃያ አራት ምስል ያልፋል፤ ሰው እንደ ሰው ይናገራል። እኔ ያገኘኋት ግን አሥራ ስምንት ላይ ነው። ትናንት እንደዚያው ሆና ፊልሙን በሰዓት ለካሁት። ድፍን አንድ ሰዓት ፈጀ።»

«ሦስት ሰዓት ላይ ተነሳ ማለት ነው» አለ ገነነ ቀስ ብሎ። «ግን አጎቴ ራሱ ቢሆንስ?»

«ለአንዲት ትንፋሽ ቀረጻ የሚያቆም ሰው፣ የገዛ ፊልሙ እንደ በሬ ሲያጓራ ዝም ይላል? ማሽኑ ሲነሳ ጋሽ ክብሩ መስማት አቁመው ነበር። በዚያች ሰዓት ከእሳቸው ጋር የነበሩት እርስዎ ብቻ ነዎት፣ ጋሽ አሞጽ። አሥራ አምስት ደቂቃ ዘረፉና ስብሰባ ሄዱ። ማዞሪያዋም አልተሰበረችም።»

ዕድላዊት ከቆርቆሮው ሥር ያገኘችውን ወረቀት ዘረጋች፤ ክብሩ ለበዓሉ የጻፈው ንግግር ነበር።

«‹በዚህ ፊልም ውስጥ ያለውን የታንኳዋን መገልበጥ ለአርባ አምስት ዓመት ትወና ነው ብላችሁ አደነቃችሁልኝ። ትወና አልነበረም። ቀዛፊው ነፋስ ሊነሳ ነው ብሎን ነበር፤ አሞጽ ግን የፀሐዩ ብርሃን አያምልጠን አለ። ሰውየው ሲሰጥም የምንወረውርለት ገመድ አሞጽ እግር ሥር ነበር፤ እሱ ግን ካሜራውን አላቆመም። እኔም አቁም አላልኩትም። የዚያ ሰው ሴት ልጅ ዛሬ ቤቴ ውስጥ ምግቤን ታበስላለች።›»

ማሚቱ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ስሜን እንዳይጠራ ለመንኩት» አለ አሞጽ። ከዚያም ለራሱ እንደሚናገር፦ «እንደዚያ ያለ ብርሃን ዳግመኛ አላየሁም።»

ፖሊሱ ይዞት ሲወጣ ማሚቱ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

«ያ የሚያጓራው… እሱ ነው?»

«እሱ ነው።»

«በልኩ አሰሚኝ።»

ዕድላዊት ማዞሪያዋን ሃያ አራት ላይ አድርጋ መብራቱን አጠፋች። ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠች። በግድግዳው ላይ አንድ ወጣት እየቀዘፈ ያንጎራጉራል፤ ድምፁ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ሳቅ ያለበት ነው። ማሚቱ አፏን በነጠላዋ ይዛ ከእሷ በዕድሜ የሚያንሰውን አባቷን ሰማችው። ከወዲያ ማዶ የሐይቁ ውሃ መነቃነቅ ሲጀምር፣ እጇን አነሳች።

ዕድላዊት ማሽኑን አቆመች።