ከጋሽ ብርሃነመስቀል ኪስ የጠፋው ዳቦ

«የባሌን ገዳይ ፈልግልኝ» አሉት ወይዘሮ ፀሐይ።

ይልቃል ድሮ ድሬዳዋ መርማሪ ፖሊስ ነበር፤ ኦስሎ ከገባ ወዲህ አውቶቡስ ያጥባል። ሙያ ከሰው አይወጣምና እሺ አለ። ምነው አፉን በቆረጠው!

የኦስሎው ግሮሩድ ሰፈር ሐበሾች በዓመት አንድ ቀን የሥነ ጽሑፍ በዓል አላቸው። በ2000 ዓ.ም. አዳራሹ የተገኘው ፈረንጆቹ ስቅለትን በሚያከብሩበት ዓርብ ነው፤ ለእኛ ደግሞ የዐቢይ ጾም ሦስተኛ ሳምንት። ስልሳ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት በባዶ ሆዱ ግጥም ሊሰማ ተቀመጠ። የጾም ምግቡም ጥግ ላይ ተሸፍኖ ይጠብቃል። የበዓሉ አውራ፣ የወይዘሮ ፀሐይ ባል ጋሽ ብርሃነመስቀል ግን ተራቸው ደርሶ ቢጠሩ አልወጡም። ተራቸውን የሚጠብቁበት የጎን ክፍል ከውስጥ ተቆልፏል። በሩ ሲሰበር ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ሞተዋል፤ የካፖርታቸው ኪስ ተገልብጧል፣ ሦስት ማዕዘን ታጥፎ የተተኮሰ መሐረብ እግራቸው ሥር ወድቋል።

ሐኪሞቹ ስኳራቸው ወርዶ ነው አሉ። የስኳር መርፌያቸውን እዚያው ክፍል የወጋቻቸው ነርሷ ቆንጂት ነበረች። አሠሪዎቿ አገዷት፤ ሰዉም ሳያጣራ ገዳይ አላት። ሁለት ልጆች በእሷ እጅ ያድራሉ።

ይልቃል ከሌላው ገጣሚ ከታደገ ጀመረ። ታደገ ያን ዕለት ጠዋት ማን መጨረሻ ያነባል በሚል ከሟቹ ጋር ተጨቃጭቋል፤ ካፖርቱንም የተሸከመው እሱ ነው። እሱም አልሸሸገም፤ ካፖርቱን ወይዘሮ ፀሐይ ከቤታቸው በር ላይ ሰጡት፣ አዳራሽ አምጥቶ ራሳቸው ጋሽ ብርሃነመስቀል እጅ ላይ አስቀመጠው። መሐረቡን በግርግሩ መሐል ከወለሉ አንስቶት ኖሮ ለይልቃል ሰጠው።

«ቀናሁበት እንጂ አልገደልኩትም» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ቆንጂትን ሞርተንሩድ ቤቷ አገኛት።

«ሰው ለብቻው ሆኖ በር የሚቆልፈው የሚያፍርበት ነገር ሲኖር ነው» አላት። «ምን ነበር?»

አለቀሰች። «ይበሉ ነበር። የነፍስ አባታቸው ፈቅደውላቸዋል፤ እሳቸው ግን ሰው እንዳይሰማ አስማሉኝ። ካልበሉ ስኳራቸው ይወርዳልና መርፌ በወጋኋቸው ቁጥር ማትፓኬያቸውን ከኪስ አውጥተው ይበላሉ።» በወረቀት የተጠቀለለ፣ ቡናማ አይብ ያለበት ዳቦ ነው። ሐሙስ ማታ ራሷ ኪሳቸው ከትታዋለች።

«ለፖሊስ ለምን አልተናገርሽም?»

«መሐላ ነው፣ ጋሽ ይልቃል። ደግሞስ ዳቦው አልተገኘ፣ ማን ያምነኛል?»

ከቀብሩ በኋላ፣ በሠልስቱ፣ ሰዉ ሁሉ ሃውገሩድ፣ ወይዘሮ ፀሐይ ቤት ለልቅሶ ተሰበሰበ። ቆንጂትም መጥታ በሩ አጠገብ ተቀመጠች፤ ግራና ቀኟ ያለው ወንበር ባዶ ነው። ይልቃል ሻይ ቀረበለት። ትሪው ላይ ያሉት የእጅ ጨርቆች ሁሉ ሦስት ማዕዘን ታጥፈው ተተኩሰዋል። ይህን ሲያይ ተነስቶ ቢሄድ በወደደ።

«አገኘኸው?» አሉ ወይዘሮ ፀሐይ።

«እትዬ፣ ይቅርብዎ።»

«አይቀርም። እሷ ባለችበት ተናገር።»

ዝም ቢል ቆንጂት ጠፋች። ተነሳ።

የነፍስ አባትየው የሰጡትን ፈቃድ አስቀድሞ ተናገረ። «በሩን የቆለፉት ተደብቀው ሊበሉ ነው» ሲል ቀጠለ። «ኪሱን የገለበጡት ዳቦውን ስላጡት ነው። ታደገ ወስዶት ይሆናል ብዬ ነበር። ነገር ግን ዳቦ የሚሰርቅ ሰው በምትኩ የተተኮሰ መሐረብ አያስቀምጥም። ዳቦው የወጣው ካፖርቱ ከዚህ ቤት ሳይወጣ ነው።» መሐረቡን አውጥቶ ከሌሎቹ ጨርቆች አጠገብ አኖረው።

ወይዘሮ ፀሐይ መሐረቡን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«ዓርብ ጠዋት አገኘሁት» አሉ። «አይብ። በዚህ ዕድሜው ጾም ገደፈ ብለው እንዳይስቁበት ጣልኩት። በምትኩ መሐረብ ሲያገኝ ያፍርና ይተወዋል ብዬ።»

ታደገ፣ ታዲያ ወጥተው ምግብ ለምን አልጠየቁም አለ። መልሱን ሁሉም ያውቀዋል። ስልሳ ጾመኛ ፊት፣ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት፣ እኚያ ኩሩ ሰው ምን ብለው ይለምናሉ? ምግቡ ከበራቸው አሥር እርምጃ ላይ ነበር።

ቆንጂት ተነስታ ሄዳ ከወይዘሮ ፀሐይ አጠገብ ተቀመጠች። አሮጊቷ እጇን ያዙ።

«እኔ እኮ» አሉ፣ «ጾሙን ሳይገድፍ ሞተ እያልኩ ነበር የምጽናናው።»