ከሰሌዳው ወዲያ የተገኘው ኩባያ

ቅዳሜ ጠዋት ዌንደል ፕራይስ ከቤቱ የጓሮ ደረጃ ግርጌ ሞቶ ተገኘ።

ያገኘው የቆሻሻ መኪና ሾፌር ነው። መርማሪ ጆዲ ክራውሊ ስትደርስ ሽማግሌው በጀርባው ተጋድሟል። ጭንቅላቱ ከኋላ ተሰንጥቋል። ሸሚዙ ደረቱ ላይ በመጠጥ ርሷል። ከቀኝ እጁ አጠገብ አንድ የፕላስቲክ ኩባያ ቆሟል፤ የቡች ላምበርት መጠጥ ቤት ምልክት ተለጥፎበታል።

አዲሱ ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ገና በዋዜማው፣ አርብ ማታ ነበር። የአሜሪካዋ ኢንዲያና ግዛት ሕግ አውጪዎች ፈቀዱ፣ የኮልበርን ከተማም ተስማማች፤ ሰው የገዛውን መጠጥ ምልክት ባለው ኩባያ ይዞ በዋናው መንገድ መንሸራሸር ቻለ። «ከዚህ በኋላ መጠጥ ይዞ ማለፍ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ እስከተተከለበት ድረስ ብቻ። የዌንደል ጓሮ ከሰሌዳው ወዲያ ነው።

ሕጉን ከማንም በላይ የተቃወመው ደግሞ እሱ ነበር። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር፣ መጠጥ ከተወ ዐሥራ አንድ ዓመቱ። በከተማው ስብሰባ ላይ ተነስቶ፣ «ከደጄ በወጣሁ ቁጥር አፍንጫዬ ስር ልታመጡብኝ ነው» ሲል የሳቁበት ነበሩ።

«በመጀመሪያው ቀን ተሸነፈ» አለ አብሯት የመጣው ፖሊስ። «ምስኪን።»

ጆዲ ኩባያውን ነው የምታየው። ሰውየው ከላይ እስከ ታች ተንከባሏል። ኩባያው ግን ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ጎንበስ ብላ አሸተተችው። የኮክ ፍሬ ይሸታል። የኮክ ብራንዲ፣ ጣፋጩ አረቄ።

የዌንደል ልጅ ዳርሊን ከጆዲ ጋር አብራ የተማረች ናት። መርዶውን በሯ ላይ ቆማ ሰማች። አላለቀሰችም።

«ጠጥቶ ነበር?»

«ገና አልታወቀም።»

«ሸተተሽ ወይ ነው የምልሽ።»

«ሸሚዙ ይሸታል።»

ዳርሊን ራሷን ነቀነቀች። «ልጅ ሆኜ ስንቴ ከዚያ ደረጃ ስር አንስቼዋለሁ መሰለሽ። በቃ። አሁን የሚነሳም የለም።»

ባሏ ግሌን ከኋላዋ መጥቶ ትከሻዋን ያዘ። «ሰሞኑን ዓይኑ ደም መስሎ አየሁት» አለ። «እንዳላስደነግጥሽ ብዬ ነው ዝም ያልኩት፣ የኔ ፍቅር።»

ዳርሊን ትከሻዋ ላይ ያረፈው እጅ የተሰማትም አትመስልም።

ከተማው ግን ጣቱን የቀሰረው ቡች ላምበርት ላይ ነው። በዚያ ስብሰባ ላይ ዌንደልን በሰው ፊት ሲዝትበት ሁሉም ሰምቷል። ጆዲ መጠጥ ቤቱ ድረስ ሄደች።

«አንገቱን እሰብራለሁ ብለህ ነበር።»

«ስንቱን ብያለሁ ጆዲዬ! የገዛ እናቴንም ብያታለሁ፣ ነፍሷን ይማር።»

«አርብ ማታ የት ነበርክ?»

«እዚሁ ነዋ! ግማሹ ከተማ ፊቴ ተገትሮ ‹ቶሎ በል› እያለ ሲጮህብኝ። መሽኛ ጊዜ እንኳ አላገኘሁም።»

«ኩባያው ያንተ ነው።»

«ኩባያውም የኔ፣ መጠጡም የኔ። ከሰሌዳው ወዲያ የተደረገው ግን የኔ አይደለም። ሕጉ ራሱ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ለዌንደል ሸጥክለት?»

«ለሱ? ደጄ ላይ ይተፋል እንጂ መች ይገባና!»

የተናገረውን አጣራች። እውነቱን ነው። አንዲት ደቂቃ እንኳ ከባንኮኒው አልራቀም። ሌላ የምትይዘው ነገር አጣች።

ማክሰኞ ጠዋት የደም ምርመራው ውጤት መጣ። በዌንደል ደም ውስጥ አልኮል የሚባል ነገር የለም።

ጆዲ ወደ ቡች ተመለሰች። አልተቀመጠችም።

«አርብ ማታ የኮክ ብራንዲ ማን አዘዘህ?»

ቡች ሳቀ። «ያን የስኳር ውሃ? ጠርሙሱ አቧራ ለብሶ ነው የከረመው። አንድ ሰው ብቻ ነው የጠየቀኝ፣ እሱም...»

ሳቁ ተቋረጠ።

«የዳርሊን ባል ነው፣ ጆዲ። ‹ለመንገድ አድርግልኝ› አለኝ። የሚጠጣ መሆኑንም አላውቅም ነበር።»

ከቀትር በፊት ግሌን ፖሊስ ጣቢያ ተቀመጠ።

«የዌንደል ዓይን ቀልቶ አየሁት ነው ያልከው?»

«አዎ።»

«ደሙ ንጹሕ ነው፣ ግሌን።»

ግሌን ወደ በሩ ተመለከተ።

«ቡች የቀዳልህ መጠጥ የት ደረሰ?»

ግሌን እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ የሌላ ሰው እጆች ይመስል አያቸው። ከዚያ ሳያቆም ተናገረ። ድምፁ ከፍም ዝቅም አላለም።

በድብቅ መጠጣት ከጀመረ ወራት ሆኖታል። ዳርሊን የአባቷን ስካር አይታ ያደገች ናት፤ «አንድ ቀን ከሸተትከኝ ልጆቼን ይዤ እወጣለሁ» ብላው ነበር። አርብ ማታ መንገዱ ሁሉ ኩባያ በያዘ ሰው ሲሞላ፣ ማን ለይቶ ያየኛል አለ። በዌንደል ቤት ፊት ሲያልፍ አማቱ በመስኮት አየው። በጓሮ በኩል ጠራውና ደረጃው አናት ላይ ጠበቀው።

«አልተቆጣኝም» አለ ግሌን። «ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ‹ጠዋት ለልጄ ራስህ ንገራት፤ አለዚያ እኔ እነግራታለሁ› አለኝ። ክንዴን ያዘኝ። ገፈተርኩት።»

«ከዚያስ?»

«ወረድኩ። አይተነፍስም።»

«መጠጡስ?»

«ሸሚዙ ላይ ደፋሁት። ኩባያውን አጠገቡ አቆምኩት። ሌላ ምንም ማድረግ አላስፈለገኝም። የቀረውን ታሪክ ሰው ራሱ ሞላው።»

«ሚስትህም።»

«እሷ ከሁሉም ቀድማ።»

ጆዲ ለዳርሊን ሌላ ሰው አልላከችም፤ ራሷ ሄደች። ወጥ ቤት ተቀምጠው አንድም ሳታስቀር ነገረቻት። ዳርሊን እስከ መጨረሻው ሰማች።

«አባቴ አልጠጣም?»

«አንዲት ጠብታ አልቀመሰም።»

«በቀብሩ ላይ ስለ ዐሥራ አንድ ዓመቱ እንዳያነሱ ብዬ ለፓስተሩ ደውዬ...» ጀመረችና ተወችው።

ተነስታ ቧንቧውን ከፈተች። ንጹሕ ብርጭቆ አጠበች፣ ደገመችው፣ አስቀመጠችው።

«አብሮሽ የሚሆን ሰው ልጥራልሽ?» አለች ጆዲ።

ዳርሊን የግድግዳውን ሰዓት አየችና የመኪናዋን ቁልፍ አነሳች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሊወጡ ነው» አለች። «ዛሬ የግሌን ተራ ነበር።»