እርጥቡን ጽድ የቆረጠው መጋዝ

ይህ ታሪክ ፍጹም እውነት ነው፤ አንዲት ቃል ጨምሬበት ከሆነ ምላሴ ተጎልጉሎ ይውጣ። ሰው ሁሉ እንጦጦ ላይ ቤት ለማቆም በሚሻማበት በዚያ ዘመን፣ የአናጢዎች አውራ የነበረው ሂርጳ፣ ሃምሳ በሬ የማይጎትተው አግዳሚ ደረቱን ደቁሶት፣ በጀመረው አዳራሽ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። አግዳሚውን የደገፈው የእርጥብ ጽድ ቋሚ በመጋዝ ተቆርጧል። መጋዙም እዚያው ወድቋል።

የሟች ወንድሞች ሥራ ከጀመረ ወር ያልሞላውን ጉተማን በጠፍር አሰሩት። «ቆራረጡን እዩት! የጀማሪ እጅ ነው» እያሉ ደም ሊመልሱበት ጦር ይስሉ ጀመር።

ነገሩን እንዲመረምሩ ባሻ አካሉ ተጠሩ። የእሳቸው ዐይን ከየካ ሜዳ ሆኖ እንጦጦ ጫፍ ያረፈች ዝንብ ወንድ ትሁን ሴት ይለያል። መጋዙን አንሥተው ሲያገላብጡት፣ ጉም ከዋጠው ጫካ የመጋዝ ድምፅ መጣ፤ ክርር... ክርር... በአገሩ ያለው መጋዝ ግን አንድ ነው፤ እሱም በባሻ እጅ። ሠራተኞቹ አማተቡ።

«ጉተማ፣ ሂርጳ ምን አስያዘህ?»

«መጥረቢያ፣ ጌታዬ። እርጥብ እንጨት ሌላ ስለት ይነክሳል፤ መሮም ሲደርቅ ነው ይለኝ ነበር።»

ባሻ በሠራተኞቹ መካከል ወደ ቆመ አንድ ነጋዴ ዞሩ። «ከበበ፣ መጋዙን ከሐረር ያመጣኸው አንተ ነህ?»

«አዎ። ሂርጳም ‹የዳቦ ቢላዋ ነው› ብሎ በሰው ፊት ሳቀብኝ። ተናድጄ እዚሁ ጥዬው ሄጄ ነበር፤ ግን ባሻ ይሙቱ፣ በዕድሜዬ እንጨት ቆርጬ አላውቅም!»

«እሱን ነበር የምፈልገው።»

ሁሉን በአዳራሹ ሰበሰቡ። «ስሙኝ። ቋሚው ሦስት ቦታ ተጀምሮ ተትቷል፤ መጋዙ እየተነከሰበት ነው። አናጢ ቢሆን በመጥረቢያ ይጨርሰው ነበር። ጉተማ እንኳ፣ ጀማሪው፣ ይህን ያውቃል። ይህን የማያውቅ፣ በሟቹም ቂም የያዘ ማን ነው?»

ተራራው በእልልታ ተናወጠ። ከጉተማ የተፈታው ጠፍር በከበበ እጅ ላይ ገባ። ወንድሞቹም ጦራቸውን ወደ እሱ አዞሩ።

የሟች ሚስት ሎሚ ግን ከጥግ ተነሣች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ፍቱት፣ ባሻ። የቆረጠው ራሱ ሂርጳ ነው።»

«ምን አልሽ እመት ሎሚ?»

«በመጋዙ ስቆ ሲያበቃ ፈራ። ጀማሪዎቹ ቀድመውኝ ቢያውቁትስ አለ። ሰው ሲበተን ጫካ ውስጥ ተደብቆ ይለማመድ ነበር፤ ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል። ያን ቀን ቋሚውን ሊያሳጥር ሲቆርጥ የያዝሁለት እኔ ነኝ።»

የሟች ወንድሞች ጦራቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አግዳሚውም ትልቅ አልነበረም» አለች ሎሚ፤ «ብቻዬን ነው ከደረቱ ላይ ያነሣሁለት። ዘገየሁ እንጂ።»