ሦስት ሜትር ገመድ፣ አንዲት ረ

ይሄ የሰማሁት ወሬ አይደለም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው። የማያምን አይመን... ድሮም የሚያምነኝ ሰው ኖሮኝ አያውቅም።

ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ተኩል። የምሳ ሰዓት። ቦታው አርባ ኮምፒውተር የተደረደረበት የምዝገባ አዳራሽ። ፀሐይዋ በመስኮቱ ቦግ ብላ ገብታለች። እንዲህ ያለ ነገር በጨለማ ብቻ ነው የሚመጣው ያላችሁ ካለ... ዋሽቷችኋል።

እኔ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊነት ያለብኝ ሰው ነኝ። ግምጃ ቤቱ አዳራሹ ጥግ ላይ ነው። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። በዚህ የሳቁብኝን ሁሉ አንድ በአንድ አስታውሳቸዋለሁ።

ከሁሉም በላይ አስራ ዘጠኝ ቁጥር ላይ የምትቀመጠዋን ጸሐፊ።

አንድ ቀን በገዛ እጄ ማስታወቂያ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። "ዕቃ መስረቅ ክልክል ነው" ማለቴ ነበር። ረን ዘለልኳት። አንዲት ፊደል!

መጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች። ጮክ ብላ አነበበችው።

"ዕቃ መስቅ ክልክል ነው... ጋሼ፣ መሳቅ ነው እንዴ የተከለከለው?"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ወረፋ የያዘው ባለጉዳይ ሳይቀር። እሷም ቀይ እስክሪብቶ አውጥታ ስ እና ቅ መሃል ትንሽዬ ረ ሰነቀረችበት።

"አይዞዎት ጋሼ፣ ተስተካክሏል።"

ከዚያ ቀን ወዲህ ስም የለኝም። "ረ መጣ"፣ "ረን ጥሩት" ሆነ። የበሩ ጥበቃ እንኳ እጁን ግንባሩ ላይ እያደረገ "ክቡር ረ!" ይለኝ ጀመር።

 እኔ ሦስት ማውስ ከየጠረጴዛው ነቀልኩና... የዚያች ጸሐፊ መሳቢያ ውስጥ ከተትኳቸው።

አዎ። እኔ ነኝ።

ሲፈተሽ ተገኙ። ኃላፊያችን ደግሞ ክፉ ቀልድ ይወዳል። የስንብት ደብዳቤዋን ራሷ እንድትጽፍ አዘዛት። "ከአንቺ የተሻለ የሚጽፍ የለንም" ብሎ።

ከኋላዋ ቆሜ አየሁ። ላያት ነው የመጣሁት፤ አልዋሽም። "ንብረት በመስረቅ" የሚለው ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ... ዞር ብላ አየችኝ። አላለቀሰችም። ከዚያ ረን ተጫነች።

ቀጭ።

ወጣች። ከዚያ ወዲያ ያያት ሰው የለም።

በማግስቱ ኃላፊው ጠራኝ።

"ስማኝ ረ። ከእንግዲህ አንዲት ዕቃ ብትጠፋ፣ ልጅቷን ያለ ጥፋቷ አባረርናት ማለት ነው። ያኔ ማውሶቹን መሳቢያዋ ውስጥ ማን እንደከተተ እጠይቃለሁ። ሄደህ ለኮምፒውተሮቹ ቁልፍ ምረጥ!"

ሁለት ቀን ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ። ሰው የገዛ ቤቱን ቁልፍ እንደዚያ አይመርጥም። በቁጥር የሚከፈተውን ተውኩት፤ ከጀርባ ቆሞ ቁጥር የሚያይ አይጠፋም። ቀጭኑን ሽቦ እዚያው ሱቁ ውስጥ በፒንሳ በጠስኩትና ለሻጩ መለስኩለት። ተሳደበ።

የመረጥኩት ላስቲክ የለበሰ የብረት ገመድ ነው። ውፍረቱ የትንሽ ጣት ያህላል። የማውሱ፣ የኪቦርዱና የጣት አሻራ ማንሻው ሽቦ በአንዲት ብረት ቀዳዳ ያልፋል፤ ብረቷ ከተቆለፈች መሰኪያው አይወጣም። የገመዱ ሌላው ጫፍ ጠረጴዛው እግር ላይ ይታሰራል። መክፈቻው አንድ ብቻ። እሱም እኔ አንገት ላይ።

እኔ አጭሩን ነበር የፈለግኩት። ኃላፊው እምቢ አለ። "የጣት አሻራ ማንሻው ባለጉዳዩ ጋ መድረስ አለበት። ለሁሉም ረጅሙን አምጣ።"

ሦስት ሜትር።

"ምነው ጌታዬ፣ ውሻ ሊያስሩ ነው?" ብሎ ሳቀ ሻጩ።

አንድ ሳምንት ምንም የለም። እንቅልፌን ጠግቤ ተኛሁ።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ስድስት ተኩል ላይ... የጽዳት ሠራተኛችን የግምጃ ቤቱን በር አንኳኩ። አሮጊት ናቸው፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው።

"ልጄ..." አሉ በሹክሹክታ። "ቁልፍ ጠፍቷል።"

እጄ አንገቴ ላይ ሄደ። መክፈቻው አለ።

"የምን ቁልፍ? ይኸው እኮ!"

"እሱን አይደለም። የሚጫኑትን። የሚጽፉበትን..."

ተከትያቸው ሄድኩ። አስራ ዘጠኝ ቁጥር። ያቺ ጸሐፊ ከሄደች ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም።

ኪቦርዱ ጠረጴዛው ላይ የለም።

መሬት ላይ ነው። ገመዱ እስከ መጨረሻው ተወጥሯል... ወደ ግምጃ ቤቴ በር።

"ማነው የጎተተው?"

"እኔ እንጃ። ስገባ እንዲህ ነው። ንካው እስቲ..."

ነካሁት። ይሞቃል። ሰው ሲጽፍበት እንዳረፈደ።

ከቁልፎቹ መሃል አንዷ እንደ ጥርስ ተነቅላለች። ረ።

አርባ ገመድ መርጬ፣ አርባ ብረት መርጬ... ቁልፍን በቁልፍ መቆለፍ ግን አልመጣልኝም።

ረቡዕ ከአስራ ስምንትና ከሃያ ቁጥር ላይ ጠፋ። ሐሙስ ከሰባት ኪቦርድ። ሌላ ፊደል የተነካ የለም። ረ ብቻ።

ጸሐፊዎቹ ይንጫጫሉ። "ያለ ረ የሰው ስም እንዴት እጽፋለሁ? ኧረ ክቡር ረ፣ ረህን መልስልን!" ይስቃሉ። እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ።

ኃላፊው መጣ። አይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም።

"ዕቃ እየጠፋ ነው። እንግዲህ ያቺ ልጅ..."

አላስጨረስኩትም።

"እማማ ናቸው" አልኩ። "በምሳ ሰዓት ብቻቸውን የሚገቡት እሳቸው ናቸው።"

አፌ እንዴት እንደቀለለኝ!

የዚያኑ ቀን ተባረሩ። የላስቲክ ጫማቸውን በፌስታል ይዘው ወደ እኔ መጡ። አልጮሁም። ጠጋ ብለው በጆሮዬ...

"ልጄ፣ እኔ እኮ ፊደል አልቆጠርኩም። ከዚያ ሁሉ መሃል ረን በምን አውቄ ለይቼ አነሳለሁ?"

እውነታቸውን ነው። ያኔውኑ ገብቶኛል። ለኃላፊው መንገር እችል ነበር።

"ይሂዱ እማማ" አልኩና በሩን ዘጋሁባቸው።

ዓርብ። ስድስት ተኩል። ሁሉም ምሳ ወጥቷል። እኔ ግምጃ ቤቴ ውስጥ ነኝ።

ከውጭ...

ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ...

"ማነው?"

ድምፁ ቆመ። ቀጥሎ ብረት በወለሉ ላይ ሲጎተት ሰማሁ። አንድ አይደለም። ብዙ።

በሩን ከፈትኩ።

አርባዎቹም ኪቦርዶች የበሩ ደፍ ላይ ናቸው። ጎን ለጎን፣ ወደ እኔ ዞረው። አርባ ገመድ ከኋላቸው ተወጥሯል... ልክ እንደ ታሰረ ውሻ።

የመጨረሻው የጠረጴዛ ረድፍ ከግምጃ ቤቴ በር ሠላሳ እርምጃ ይርቃል። ገመዱ ሦስት ሜትር ነው፤ ራሴ ለክቼ ነው የገዛሁት። የተበጠሰ የለም። የተከፈተ የለም። መክፈቻው አንገቴ ላይ ነው።

በእያንዳንዱ ኪቦርድ ላይ አንዲት ጉድጓድ።

ቀና ስል ግድግዳው ላይ ማስታወቂያዬን አየሁት። ያቺ ቀይ ረ የለችም። "ዕቃ መስቅ ክልክል ነው።"

ጥበቃውን ልጣራ አፌን ከፈትኩ። ድምፅ አልወጣም። አንድ ደረቅ ነገር ጥርሴን መታው...

ቀጭ።

መዳፌ ላይ ተፋሁት።

ረ።

ምላሴን አንቀሳቀስኩ። ከስሩ... አፌ ገና በቁልፍ ሙሉ ነው።