ከዕጣው በፊት የተነፋ ፊሽካ

የትንሹ ስታዲየም ሜዳ ጠባቂ ቅዳሜ ጠዋት የዳኞችን ልብስ መቀየሪያ ክፍል ሲከፍት፣ ዳኛውን መስኮቱ ሥር ተደፍቶ አገኘው። ጆሮ ግንዱ ላይ ደም ደርቋል። ደሙ ከሲሚንቶው አግዳሚ ጠርዝ ይጀምርና ወለሉን አቋርጦ እስከ መስኮቱ ይደርሳል፤ ሰውየው በደረቱ እየተሳበ ነው እዚያ የደረሰው። በእጁ ፊሽካውን እንደጨበጠ ነው። አግዳሚው ሥር ደግሞ አንድ ቀይ ካርድ ወድቋል።

ዳኛው ሲባል የችሎት ዳኛ እንዳይመስላችሁ። ጡረታ የወጣ የእግር ኳስ ዳኛ ነበር፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ያሳደገውን የእህቱን ልጅ ይዞ «መሐሉ» ይኖር ነበር። መሐሉ የሚሉት በዩኒቨርሲቲው አጥርና በሁለቱ ስታዲየሞች መካከል የተወተፈውን ሰፈር ነው። ቆርቆሮው የዛገ፣ ቦዩ የተደፈነ፣ ባለሥልጣን ዞር ብሎ አይቶት የማያውቅ ሰፈር። ይኸው አሁን ትዝ አላቸውና ፈርሶ በአዲስ ሊሠራ ነው። ችግሩ፣ በቦታው የሚቆመው ሕንፃ የሚይዘው ግማሹን ቤተሰብ ብቻ መሆኑ ነው። ሌላው ግማሽ ከመጨረሻው የአውቶቡስ ፌርማታ ወዲያ፣ ዳር ይላካል። ማን ቀርቶ ማን ይሂድ? በዕጣ ይሁን፣ ስሙ የወጣ ይቅር ተባለ። እያንዳንዱ ቤተሰብ ስሙን በእንጨት ቁራጭ ላይ ጽፎ በርሜል ውስጥ ጣለ፤ በርሜሉም ታሽጎ የዳኞች ክፍል ገባ።

እሑድ ሜዳው መሐል ቆሞ ዕጣውን እንዲያወጣ ሰፈሩ በአንድ ድምፅ የመረጠው ዳኛውን ነው። ለምን ቢሉ፣ ይህ ሰው በአንድ ወቅት በገዛ ሰፈሩ ቡድን ላይ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጥቶ ዋንጫ አሳጥቷቸዋል። ጣሪያውን በድንጋይ ሲደበድቡት አደሩ። በማግሥቱ ወጥቶ ድንጋዩን ለቀመና «ቅጣት ምት ነበር» አለ፤ ሌላ አልጨመረም። እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ ሰው ጥሎት የሄደው።

መርማሪዋ ስትደርስ መጀመሪያ ያደረገችው አንድ ጫማዋን ማውለቅ ነበር። ወፍራም ሴት ናት፤ ጫማ ሁሉ ይጠባታል፤ ስታስብ በአንድ እግሯ ካልሲ ቀዝቃዛ ወለል ላይ ትቆማለች። የማያውቋት ይስቃሉ፣ የሚያውቋት ግን ያን ጊዜ ዝም ይላሉ።

ሐኪሙ «ወዲያው አልሞተም» አላት። «ሲወድቅ ራሱን ስቶ ይሆናል፤ በኋላ ነቅቷል። ትናንት ማታውኑ ሰው ቢደርስለት ኖሮ ይተርፍ ነበር።»

«በሩስ?» አለች ወደ ሜዳ ጠባቂው ዞራ።

«ከውጭ ተቆልፎ ነው ያገኘሁት። ጓጉንቸሩ ሲጫኑት ይዘጋል፣ ቁልፍ አይጠይቅም። ለመክፈት ግን አንዱ ቁልፍ እኔ ጋ፣ ሌላው እሱ ኪስ ነው።»

የበርሜሉ ማሸጊያ አልተነካም። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ቀዩን ካርድ አነሳች።

«ይሄ ምኑ ነው? ዛሬም ይዞት ይዞራል?»

ሜዳ ጠባቂው እያለቀሰ ፈገግ አለ። «የሱ ነገር! ስብሰባ ላይ የጮኸ ሁሉ ቢጫ ያያል፤ ስቀን እንቀመጣለን። ቀዩን ግን በሰፈር ውስጥ አውጥቶት አያውቅም። ‹ይሄ ዕጣውን አጭበርብርልኝ ለሚለኝ ነው› ይል ነበር።»

«ትናንት ማታ ልምምድ ነበር?»

«የምን ልምምድ፤ ሁለቱም ሜዳ ዝግ ነው። ትልቁ ሣር ተዘርቶበታል፤ ትንሹ ለዕጣው ተዘግቷል። እኔም ዕረፍት ወጥቼ ነበር።»

«ሰሞኑን ማን ይመላለስበት ነበር?»

ሰውየው አሰበ። «የእህቱ ልጅ፤ ሐሙስ ዕለት እዚሁ በር ላይ ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። የሰፈሩን ፕላን የነደፈው ፕሮፌሰር። ደግሞ ባንዲራ የምንለው ሰውዬ። ባንዲራ እንኳ አይቆጠርም፣ የልብ ጓደኛው ነው፤ የመስመር ዳኛው ነበር።»

መርማሪዋ የማይቆጠር ሰው አታውቅም። ሦስቱንም ቆጠረቻቸው።

የእህቱ ልጅ ጋራዥ ውስጥ መኪና ሥር ተኝቶ ነበር። አጎቱ በሞተ ቀን ሥራ መግባቱን ያየ ሁሉ ሲያማው ውሏል።

«ቤት መቀመጥ አልቻልኩም» አለ ሳይወጣ።

«ሐሙስ በምን ተጣላችሁ?»

«የቤተሰብ ነገር ነው።»

«ልጄ፣ ቤተሰብህ ሬሳ ክፍል ነው ያለው።»

ልጁ ከመኪናው ሥር ወጣ። ዓይኑ ቀልቷል። «አልናገርም፣ ኢንስፔክተር። እሱን ሳይሆን እኔን ነው የሚያሳፍረኝ።»

«እሺ ይቆይ። ትናንት ማታ ፊሽካ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ፤ ሞተሩ እየሠራ እንኳ ይሰማ ነበር። ሁለቴ አጠር፣ አንዴ ረዘም። ታዲያ መሐሉ ውስጥ ፊሽካ ብርቅ ነው? እኛ በፊሽካ ነው ያደግነው። ዶሮ ጮኸ ብሎ የሚደነግጥ አለ?» ድንገት አፉን ያዘ። መፍቻው ከእጁ ወደቀ። «እሱ ነበር እንዴ?»

መርማሪዋ መፍቻውን ከወለሉ አንስታ አቀበለችው። መልሱን ራሱ አግኝቶታል።

የፕሮፌሰሩ ቢሮ መስኮት በግቢው አጥር ላይ ወደ መሐሉ ይመለከታል። ጠረጴዛው ላይ የአዲሱ ሰፈር ሞዴል ተዘርግቷል፤ ከካርቶን የተሠሩ ዛፎች ሁሉ አሉበት፣ ቦይ ግን የለበትም።

«ዕጣ አሠራር አይደለም» አለ ፕሮፌሰሩ። «አቅም ያለው ይቅር፣ የሌለው ይሂድ ብያቸው ነበር። ሟቹ ሕዝብ ፊት ቢጫ ካርድ አሳየኝ። አሁን ያስቀኛል፤ ያኔ ግን ተናድጄ ነበር።»

«ትናንት ማታስ?»

«እዚሁ ነበርኩ፤ ከተማሪዎቼ ጋር። አንድ ሰው ፊሽካ እየነፋ አስቸገረን። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፤ አሁንም ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። አልቆም ሲል ተነስቼ መስኮቱን ዘጋሁት።»

«ዘጉት» አለች መርማሪዋ።

ፕሮፌሰሩ መነጽሩን አውልቆ ረጅም ጊዜ ጠረገው።

ባንዲራ ቤት ስትገባ ሰውየው ራሱን በጋቢው ሸፍኖ ያለቅሳል። ግድግዳው ላይ የሁለቱ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ዳኛው ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ባንዲራ ባንዲራውን ይዞ፣ ሁለቱም ጸጉራቸው ጥቁር።

«ወንድሜ ነበር» አለ። «እሱ ሲነፋ እኔ አነሳለሁ፣ እኔ ሳነሳ እሱ ይነፋል። ዕድሜያችንን እንዲሁ ነው የጨረስነው።»

«አይዞዎት» አለች መርማሪዋ፤ ጫማዋን አውልቃ ወንበር ሳበች። «ትናንት ማታ የት ነበሩ?»

«እዚሁ፤ ከባለቤቴ ጋር ራት እየበላን።»

«ፊሽካ አልሰሙም?»

«አልሰማሁም።»

«ባለቤትዎስ የት ናቸው?»

«ሆስፒታል። ኩላሊቷን ታማ እጥበት ላይ ናት፤ በሳምንት ሦስቴ። አሁን በዩኒቨርሲቲው በር አቋርጣ በእግሯ ትደርሳለች። ዳር ከደረሰን ግን…» ቃሉን ዋጠው።

ቤቱ ጸጥ አለ። በጸጥታው ውስጥ መርማሪዋ አንድ ድምፅ ሰማች፤ ሽር፣ ሽር። ከጀርባዋ ካለው ግድግዳ ወዲያ ሜዳ ጠባቂው የስታዲየሙን ደጅ እየጠረገ ነበር። ጫማዋን አጥልቃ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም የዳኞች ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሜዳ ጠባቂው በሩ አጠገብ ቆመ። የእህቱ ልጅ፣ ፕሮፌሰሩና ባንዲራ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። የባንዲራ ሚስት ከሆስፒታል እንደተመለሰች፣ ክንዷ ላይ ፋሻ እንዳለ፣ ባሏ ጎን አረፍ አለች። ድካሟ ከፊቷ ይነበባል።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል» ስትል ጀመረች መርማሪዋ። «ከካርዱ እንነሳ። ሟቹ ቀዩን የሚያወጣው ዕጣውን አጭበርብር ላለው ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ትናንት እዚህ የነበረው ሌባ አይደለም፤ የሚለምነው ነገር ያለው፣ ዳኛውም በር ከፍቶ ያስገባው ሰው ነው። ለመነው፣ ቀይ አየ፣ ገፋው። ዳኛው አግዳሚው ላይ ወደቀ። ያኛው ጓጉንቸሩን ተጭኖ ሄደ።»

«ከሦስታችን አንዱ እያሉ ነው» አለ ፕሮፌሰሩ።

«ትንሽ ይታገሱኝ። ዳኛው ነቃ፤ በሩ ተቆልፏል። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ቢሆንም ጓጉንቸሩ ያለው በውጭ ነው። ወደ መስኮቱ ተሳበና ፊሽካውን ነፋ። ሰፈሩ በሙሉ ሰማው፤ ልምምድ ነው ብሎ ዝም አለ። በፊሽካ መሐል የሚኖር ሰው ፊሽካ አያስደነግጠውም፤ በዚህ ማንንም አልፈርድም። ግን አንድ ነገር አሳሰበኝ። የጨነቀው ሰው እንደመጣለት ይነፋል። እሱ ግን ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም ነበር የሚለው። ይሄ ጩኸት አይደለም። ሰው እየጠራ ነበር።»

የባንዲራ ሚስት ቀና አለች።

«ፊሽካው ከአጥር ማዶ ቢሮ ውስጥ ተሰማ። ሞተር በሚያጓራበት ጋራዥ ተሰማ። ግድግዳው ከስታዲየሙ ጋር በተጣበቀ ቤት፣ የመጥረጊያ ድምፅ እንኳ በሚያስገባ ቤት፣ አልተሰማም ተባልኩ።» ወደ በሩ ዞረች። «ንፋው።»

ሜዳ ጠባቂው የራሱን ፊሽካ ከአንገቱ ሳበ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

ፕሮፌሰሩ አንገቱን ደፋ። የእህቱ ልጅ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ባንዲራ ግን ተነስቶ ቆመ። ማንም ተነስ አላለውም። ዳኛው ሜዳ ላይ የመስመር ዳኛውን የሚጠራው በዚያ ፊሽካ ነበርና፣ ዕድሜውን ሙሉ በዚያ ጥሪ የተነሳ ገላ ልቡን ሳያማክር ተነሳ።

«ትናንትናም እንዲሁ ተነስተህ ነበር» አለች ሚስቱ ቀስ ብላ። «ከዚያ ‹ልምምድ ነው› ብለህ ተቀመጥክ።»

ባንዲራ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ሲገፉት አልገደሉትም» አለች መርማሪዋ። «ሲቀመጡ ነው የገደሉት። ሌላው ሳያውቅ ነው ዝም ያለው፤ እርስዎ ግን እያወቁ ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።»

«አንድ ነገር ነው የለመንኩት» አለ ባንዲራ። «ያን ሁሉ ዘመን ምንም ለምኜው አላውቅም። በርሜሉን ክፈትና የእሷን ዕጣ ለይተህ እጅጌህ ውስጥ ያዝልኝ አልኩት። ዳር ከሄድን ትሞታለች አልኩት። የምቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ቀይ አወጣብኝ። በእኔ ላይ! ገፋሁት፤ ሲወድቅ የሞተ መስሎኝ ሸሸሁ። ኋላ ፊሽካውን ስሰማ… ከወጣ ለሰፈሩ ይናገራል፣ ከዕጣው እንሰረዛለን አልኩ። አሁን ይቆማል፣ አሁን ይቆማል እያልኩ ጠበቅሁ። ብዙ ነፋ።»

የእህቱ ልጅ ብድግ አለ።

«ሐሙስ በምን ተጣላችሁ ብለውኝ ነበር፣ ኢንስፔክተር። የኛ ዕጣ እዚህ ከወጣ ቤቱን ለባንዲራ ሚስት እሰጣለሁ፣ እኔና አንተ ዳር እንሄዳለን አለኝ። ‹እኛ ጤነኞች ነን፣ አውቶቡስ አይገድለንም› አለ። እኔ እንቢ አልኩት፤ ሰደብኩት። ያፈርኩት በዚህ ነው።»

ባንዲራ ቀና አለ። «ለምን አልነገረኝም?»

«ዳኛ ነዋ» አለ ሜዳ ጠባቂው። «ከጨዋታ በፊት ውጤት መቼ ተናግሮ ያውቃል?»

ባንዲራ ወደ ሚስቱ ዞረ። ፋሻ ያለበትን ክንዷን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። «ላንቺ ብዬ ነው» አለ። «ያንቺን ነፍስ ብዬ ነው።»

ሚስቱ ክንዷን ሰበሰበች።

«‹እየጠራህ ነው፣ ሂድ› ብዬህ ነበር» አለችው። «ሁለቴ ነው ያልኩህ።»

ከዚያ በግድግዳው ተደግፋ ተነሳች። የእህቱ ልጅ ደግፏት አብረው ወጡ።