ውርጭ ያልነካው ጣሪያ

ኮሊን ማድርን ሞተው የተገኙት ለሽያጭ በቀረበ የሰው ቤት ኮሪደር ውስጥ፣ ግራ እጃቸው ላይ ብቻ ጓንት እንዳጠለቁ ነው። መሰላሉ አጠገባቸው ተጋድሟል። ጉልበታቸውና ክርናቸው በጥቁር አቧራ ተለውሷል፤ ጭንቅላታቸው የተመታበት የወለል ሸክላ ላይ ደሙ ደርቋል። ቤቱ ደግሞ እንደ ዳቦ ቤት ይሞቃል።

መርማሪ ሳጅን ብሮንዊን ታፕስኮት ገና በሩን አልፋ እንደገባች ካፖርቷን አወለቀች። ጊዜው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ውጭ የካንቤራ የሐምሌ ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። በአራት ሰዓት ይህ ቤት ጨረታ ይወጣበታል። ሣሩ ላይ የተተከለው ሰሌዳ «ስድስት ኮከብ! ብርድ የማያውቅ ቤት!» ይላል። ኮከቡ በበዛ ቁጥር የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ወጪው ያንሳል ተብሎ ስለሚታመን፣ በዚህ ከተማ ቤት ገዥ ከመኝታ ክፍሉ ብዛት በፊት የሚጠይቀው ኮከቡን ነው።

«ከመሰላል ወድቀው ነው» አለ ሐኪሙ። «ትናንት ማታ ይሁን ዛሬ ጎህ ሲቀድ፣ ይሄ ሙቀት ሁሉንም ነገር አዛብቶብኛል። አሁን ልንገርሽ ብል ውሸቴን ነው።»

«አደጋ ነው ትላለህ?»

«የስልሳ ሰባት ዓመት ሰው፣ መሰላል፣ ጨለማ። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ሌላኛውን ጓንት» አለች ታፕስኮት።

በሬሳው ሥር፣ በጠረጴዛው ሥር፣ በየኪሱ ፈለገች። የለም። ስልክም የለም። ቀና ብላ አየች። ወደ ጣሪያው ሥር የሚያስወጣው የኮርኒስ ቀዳዳ መክደኛው ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ፎቶና አሻራ አንሺዎቹ ሳይጨርሱ መውጣት አትችልም፤ እግሯ ግን አላርፍ ብሏት ኮሪደሩን ሦስት ጊዜ ተመላለሰችበት።

የሟች ልጅ ኢሞጅን ደጁ ደረጃ ላይ ቁጭ ብላለች። የስምንት ወር ሕፃን ደረቷ ላይ አስራ ታቅፋለች፤ ሕፃኗ ባሳለች ቁጥር እናትየዋ ትደነግጣለች።

«እኔ ነኝ የላክሁት» አለች ኢሞጅን ገና ሳትጠየቅ። «ባለፈው ክረምት የተከራየነው ቤት የማሞቂያው ወጪ ከኪራዩ እኩል መጣ። አንዲት ክፍል ብቻ እያሞቅን ሦስታችንም እዚያ አደርን። ልጄ ሁለቴ ሆስፒታል ገባች። ይሄ ቤት ስድስት ኮከብ ነው ሲሉኝ ያለንን ሁሉ አሟጠን እንግዛው አልን። አባዬ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰው ኮርኒስ ላይ ሙቀት እንዳያመልጥ የሚያደርገውን የመስታወት ጥጥ ሲያነጥፍ የኖረ ሰው ነው። ወረቀቱን አይቶ ሳቀ። ‹ኮከቡን በዓይኔ ሳላየው እንዳትገዢ› አለኝ። እሺ፣ ውጣና እይልኝ አልኩት።» እንባዋን በሕፃኗ ኮፍያ ጠረገች። «ሽማግሌ አባቴን መሰላል ላይ አውጥቼ ገደልኩት ማለት ነው? እሱን ብቻ ንገሪኝ።»

«ገና አላውቅም» አለች ታፕስኮት። ማባበል አትችልበትም፤ አውቃም አትሞክረውም። «መቼ እንደሚመጡ ነግረውሽ ነበር?»

«‹ከጨረታው በፊት› ብቻ ነው ያለኝ። ማታ በጊዜ ነው የሚተኛው ብዬ አልደወልኩም። ዛሬ ጠዋት ስደውል ስልኩ አይሠራም።»

«ሥራ ላይ ጓንት ያወልቃሉ?»

«አባዬ? ለመብላትና ስልክ ለመነካካት ካልሆነ በቀር ሞቶ ነው!» አለችና በገዛ ቃሏ ደንግጣ አፏን ያዘች።

ታፕስኮት ለመሄድ ዞር ስትል ነው ጣሪያውን ያየችው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉት ጣሪያዎች በሙሉ ዱቄት የተነፋባቸው ይመስል በአመዳይ ነጥተዋል። የዚህ ቤት ጣሪያ ግን ከላይ እስከ ታች ቀይ ሸክላው ወለል ብሎ ይታያል። አመዳይ ያለው ዳር ላይ፣ ከመኪና ማቆሚያው በላይ ብቻ ነው። ወደ አሸንዳው ሄዳ የመውረጃውን ቧንቧ አፍ በጣቷ ዳሰሰች። ደረቅ ነው፤ ሥሩ ያለው አፈርም ደረቅ ነው። ፀሐይዋ ከዛፎቹ ጫፍ ብቅ እያለች ስለነበር ፎቶ አንሺውን በጩኸት ጠራችው።

«መጀመሪያ ጣሪያውን! ሬሳው የትም አይሄድም፤ አመዳዩ ግን ይሄዳል!»

የቤቱ ባለቤት ሃይዲ ዋርበርተን ሁለት ሹራብ ደርበው መጡ። ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል፤ ቤቱን ከእናታቸው የወረሱት ባለፈው ዓመት ነው።

«ማሞቂያ ያበሩት እርስዎ ነዎት?» አለች ታፕስኮት።

«እኔ? እናቴ እኮ ብርዱ ሊገባ ሲል የሚውለው የአንዛክ ቀን ሳያልፍ ማሞቂያ ነክቶ በዚህ ቤት የኖረ የለም። ካለፈም በኋላ ‹በረደኝ› ላላት መልሷ ‹ሹራብ ደርብ› ነበር። እኔም የሷው ልጅ ነኝ።»

«ኮርኒሱ ላይ የመስታወት ጥጥ አለ?»

«ምን አውቄ ልጄ። ደላላው አለ አለኝ።»

«ትናንት ማታ የት አመሹ?»

«የመዘምራን ልምምድ ላይ። ድምፄን የሰሙ ሃያ ምስክሮች አሉኝ፤ አንዳቸውም ግን አልወደዱልኝም።»

የኮከቡን ምስክር ወረቀት የፈረመው ኒል ፌንዊክ ዕድሜው ከስልሳ ያላነሰ፣ በዚያ ብርድ የሚያልበው ሰው ነው።

«ኮርኒሱ ላይ ወጥተህ አይተሃል?»

«እንዴታ!»

«የመስታወት ጥጡ ምን ዓይነት ቀለም ነበረው?»

«ቢጫ... አይ፣ ሮዝ...» ላቡን ጠረገ። «እሺ፣ አልወጣሁም። ደላላው ፕላኑን ላከልኝ፣ ከፕላኑ ላይ ሞላሁት። የዚህን ሠፈር ሁሉ እንደዚያ ነው የሠራሁት። ግን ሰው አልገደልኩም! ቤቱን እንኳ ገና ዛሬ ማየቴ ነው፤ በየት በኩል እንደሚከፈት አላውቅም!»

በመጨረሻ ራሱ ደላላው ዳሚየን ክሮል ቀረበ። ጫማው ያበራል፤ ፀጉሩ የጨረታ ቀን ፀጉር ነው።

«ልክ አንድ ሰዓት ላይ ደረስኩ። ማሞቂያውን አበራሁ፤ ገዥ ሲገባ ሙቀት ከተቀበለው ቤቱን ይወደዋል። ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ስዞር ሽማግሌውን አየኋቸው። ምንም አልነካሁም።»

«በሩን ስትከፍት ቤቱ እንዴት ነበር?»

«እንደ መቃብር ቀዝቃዛ።»

«እሳቸውስ እንዴት ገቡ?»

«የቁልፍ ሳጥኑን ቁጥር ትናንት በስልክ ሰጥቻቸው ነበር። ጎህ ሳይቀድ መጥተው ይሆናላ።» ሰዓቱን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንግዲህ ሐዘኑ ሐዘን ነው፤ ግን ጨረታውን ደጅ ላይ ብናካሂደውስ? ሣሩ ላይ እኮ ማንም አልሞተም።»

ታፕስኮት ዓይኑን በጨው የታጠበ ሰው ብዙ አይታለች፤ እንዲህ ያለውን ግን አላየችም።

«ጥሩ ሐሳብ ነው» አለችው። «ሁላችንም ሣሩ ላይ እንሰብሰብ።»

ሦስት ሰዓት ላይ ተሰበሰቡ። ከፖሊሱ ገመድ ወዲያ ሊጫረቱ የመጡ ሰዎች የወረቀት ኩባያ ይዘው ቆመዋል። ታፕስኮት መቆም አቅቷት ሣሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለች ጀመረች።

«መጀመሪያ መክደኛው። ኮሊን ማድርን ኮርኒስ ውስጥ ገብተዋል፤ አቧራው ይመሰክራል። ቀኝ ጓንታቸው ግን ታች የለም፤ ላይ ነው። ዕቃውን ላይ ትቶ መክደኛውን የሚዘጋ ባለሙያ የለም። ስለዚህ የዘጋው ሌላ ሰው ነው። ሰው ወድቆ ሲያይ ሐኪም ከመጥራት ይልቅ ቀዳዳውን የሚዘጋ፣ ከላይ ያለው ባዶነት እንዳይታይበት የሚፈራ ነው።»

«ፌንዊክ!» አሉ ወይዘሮ ሃይዲ።

«እሱ ውሸታም ነው እንጂ ገዳይ አይደለም። አሁን ጣሪያውን እዩ። የጎረቤቶቹ በጥላው በኩል አሁንም ነጭ ነው። የዚህኛው ነጭ የሆነው ማሞቂያ ከማይደርስበት ከመኪና ማቆሚያው በላይ ብቻ ነው። ሙቀቱ በኮርኒሱ አልፎ ጣሪያውን ያሞቀዋል፤ ስድስት ኮከብ የተባለው ቤት ላዩ ባዶ ነው።»

ከገመዱ ወዲያ ጉምጉምታ ተነሳ። ክሮል ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ማሞቂያውን አንድ ሰዓት ላይ አብርቻለሁ ብያለሁ እኮ! ቀለጠ፤ አለቀ።»

«አሸንዳውን ከግማሽ ሰዓት በኋላ በእጄ ዳስሼዋለሁ። አመዳይ ቢቀልጥ ውሃ ይወርድ ነበር፤ አንድ ጠብታ አልነበረም። አልቀለጠም፤ ጭራሽ አልወደቀበትም። ሌሊቱን ውርጭ ሲጥል ይህ ጣሪያ ሞቆ ነበር። ማሞቂያው የበራው ትናንት ማታ ነው። ሌላ ሰው አብርቶት ቢሆን ኖሮ፣ አንተ ዛሬ ጠዋት በሩን ስትከፍት ሙቀቱ ፊትህን ይመታህ ነበር። አንተ ግን ‹እንደ መቃብር ቀዝቃዛ› አልከኝ፤ ማታ ያበራኸውን ጠዋት አበራሁ አልክ። እንዲህ የሚዋሽ፣ ማታ እዚህ መኖሩን የሚደብቅ ብቻ ነው።»

«ይሄ ውሃ የማያነሳ ነገር ነው! ማስረጃ አምጪ!»

አሻራ አንሺዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ነበር፤ ታፕስኮት ወደ ቤቱ ገብታ መሰላሉን አቁማ ወጣች፣ መክደኛውን ገፍታ እጇን ላከች። ስትመለስ አቧራ የለበሰ ጓንትና የሟቹን ስልክ ይዛለች። ባትሪው ስላለቀ መኪናው ውስጥ ሰካችው፤ ኢሞጅን የአባቷን የይለፍ ቁጥር ነገረቻት። የሕፃኗ የልደት ቀን ነበር። ታፕስኮት ሁሉም እየሰማ ጮክ ብላ አነበበችና ስልኩን ለኢሞጅን ሰጠቻት።

ትናንት ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ ተጽፎ ሳይላክ የቀረ መልእክት ነው። «ኢሚ፣ እዚህ ላይ ከአቧራ በቀር ምንም የለም። እንዳትገዢው። ይሄ ደላላ መጣ መሰለኝ፣ ማሞቂያው ተነሳ። ልውረድና አንድ ነገር ልበለው።»

የክሮል ፊት አመድ መሰለ። «እንዲወርድ ብዬ መሰላሉን ነቀነቅኩት እንጂ... ለሁሉም ገዥ እነግራለሁ አለኝ፤ የሠፈሩን ቤት ሁሉ የሸጥኩት እኔ ነኝ...»

«ስትሄድስ ማሞቂያውን ለምን አላጠፋኸውም?»

«ዛሬ ገዥ ይመጣ ነበራ» አለ ክሮል፣ መሬት መሬት እያየ።

ኢሞጅን መልእክቱን ደጋግማ አነበበችው። አባቷ እየወረደ ነበር። በራሱ እግር፣ ለእሷ ሊናገርላት፣ እየወረደ ነበር።

«አሁንም በርቷል?» አለች ስታበቃ። «ማሞቂያው?»

«በርቷል» አለች ታፕስኮት።

«አባዬ ለሰማይ የሚነድ እሳት አይወድም» አለች ኢሞጅን። ሕፃኗን ደረቷ ላይ አጥብቃ ወደ ቤቱ ገባችና ራሷ አጠፋችው።