ፊት የሌለው ጥሩር

ንጉሥ አርዳሚስ በሐመልዛ ምድር በነገሡ በሃያኛው ዓመት፣ በመከር መግቢያ፣ በእኩለ ቀን የሰው ሁሉ ጥላ አቅጣጫውን ሳተ። ፀሐይ በአናት ላይ ቆማ ሳለች፣ በመናገሻ ከተማዪቱ በሰርዶን ያለው ጥላ ሁሉ፣ የሰውም የግንብም የዛፍም፣ ረዝሞ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጥቁር ደረት ተራራ ተዘረጋ። ወፎች ዝም አሉ። በገበያ መካከል የነበረች አንዲት ሴት የገዛ ጥላዋ ከእግሯ ሥር እየተሳበ ሲሄድ ብታይ፣ እንዳትጮኽ አፏን በነጠላዋ አፈነች። ሽማግሌዎች ምልክቱን ከአባቶቻቸው ሰምተውት ነበርና በሹክሹክታ «ዘቀትር ነቅቷል» ተባባሉ።

ዘቀትር ከምድር አራዊት ወገን አልነበረም። መልኩን የተናገረ ሰው የለም፤ እሱን በቅርብ ያየ ሁሉ ሰባት ጊዜ ከተነፈሰ በኋላ፣ በአካሉ ላይ ጭረት እንኳ ሳይገኝ በድን ሆኖ ይወድቃልና። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት የመንግሥቱ መሥራች ንጉሥ ኤልዛር ጥሩር፣ የብረት ልብስ፣ ለብሰው ወጡ፤ ጉሮሮውንም በጦር ወግተው አስተኙት። ሲያርፉ ከነጥሩራቸው በጥቁር ደረት ዋሻ ተቀበሩ። ለሰርዶን የቀረላት በዙፋኑ አዳራሽ ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል ብቻ ነበር። በሥዕሉ ኤልዛር ክብ ፊታቸውን ገልጠው፣ በሁለት ዓይኖቻቸው ተመልካቹን ትክ ብለው ያያሉ፤ በግራ እጃቸውም አንድ ምርኮኛ በሰንሰለት ይዘዋል። ምርኮኛው በጎን የተሣለ፣ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታይ ነው። በሐመልዛ የሠዓልያን ሕግ ጻድቅ በሁለት ዓይን፣ ከሐዲ በአንድ ዓይን ይሣላል፤ ይህንንም ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል።

የመንግሥቱ ጥሩር ሠሪ ባለ እጅ ኮስትር ተጠርተው በሥዕሉ ፊት ቆሙ፤ ያዩትንም ቅርፊት በቅርፊት በብረት ሠሩት። የንጉሡ ልጅ ልዑል ናሆድ ለብሶት ከወንዙ ዳር ወጣ፣ ሰባት ጊዜ ተነፈሰ፣ ወደቀም። በጥሩሩ ላይ አንዲት ጭረት አልተገኘችም።

ንጉሡ በልጃቸው አስከሬን ራስጌ ቆመው ፈረዱ።

«ኮስትር! ልጄ የታመነው የእጅህን ሥራ ነበር። አውሬው በየአሥራ አምስት ቀኑ ይወርዳል፤ መጀመሪያ ከተራራው ግርጌ፣ ቀጥሎ ከወንዙ ደረሰ። ሦስተኛው ከከተማዬ በር ነው። በዚያ ቀን ይህንኑ ጥሩር ለብሰህ አንተው ትወጣለህ። ሥራህ እውነት ከሆነ ያድንሃል፤ ሐሰት ከሆነም ይፈርድብሃል።»

ባለ እጅ ኮስትር እጃቸው በሰንሰለት ሲታሰር አልተከራከሩም። የሃያ ዓመቷ ልጃቸው ኅሪት ግን፣ ከልጅነቷ ጀምራ በወናፍ ፊት ያደገችው፣ ክንዷ በእሳት ፍንጣሪ የተዥጎረጎረው ኅሪት፣ በንጉሡ እግር ሥር ተደፋች።

«ንጉሥ ሆይ! አባቴ የሠሩት የተሣለውን ነው፤ የተለበሰውን አላዩም። ወደ ኤልዛር መቃብር ልሂድ፤ ጥሩሩን በእጄ ልዳስሰው። እውነተኛውን ሠርቼ በቀኑ ከደረስኩ ራሴ ለብሼው እወጣለሁ፤ አባቴም ይፈቱልኝ። በኤልዛር አጥንት እምላለሁ፤ መሐላዬን ባጥፍ እሳት እጄን አይወቀው፣ ብረትም አይታዘዘኝ!»

ንጉሡም ፈቀዱ።

ሁለት ሰዎች አብረዋት ተላኩ። አንደኛው መምህር ቀጸላ ነበሩ፤ የሠዓልያን አለቃና የአዳራሹ ሥዕል ጠባቂ፣ ሰባ ዓመት የሞላቸው፣ አንገታቸውን ለንጉሥም እንኳ በልክ የሚያጎነብሱ ሽማግሌ። ሁለተኛው የድንበር ዘብ ባሻ ጎራው ነው።

«ስለ ፈቀድህ እግዜር ይስጥህ፤» አለችው ኅሪት ሲነሡ።

«ማን ፈቀደ? ታዝዤ ነው እንጂ! በፈቃዱ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ካገኘሽ አሳዪኝ፣ ራሱን እንዲያሳክሙት እነግርለታለሁ።»

በተራራው ላይ ዘቀትር ቀን በቀን፣ በእያንዳንዱ ቀትር ይንጎራደድ ነበር። በአራተኛው ቀን፣ ዋሻው ከሩቅ እየታያቸው፣ ጥላቸው በፊታቸው መርዘም ጀመረ። ሦስቱም ዓይናቸውን በሻሽ አስረው በግንባራቸው ተደፉ። መጀመሪያ ነፋሱ ቆመ። ቀጥሎ የድንጋይ መንቀጫቀጭ ተሰማ፤ አንድ ከባድ ነገር፣ የማይቸኩል ነገር፣ በቁልቁለቱ ላይ ይራመድ ነበር። ኅሪት የጨፈነችው ዓይኗ በራሱ ሊገለጥ ሲታገላት ተሰማት። «እዪ» የሚል ትእዛዝ ከጆሮዋ ሳይሆን ከገዛ ደሟ ውስጥ ይመጣ ነበር። ጥፍሯን በአፈሩ ውስጥ ቀበረች። ትኩስ እስትንፋስ በማጅራቷ ላይ አለፈ፣ ቆመ፣ ደግሞ አለፈ። በአጠገቧ ጎራው አፈር በጥርሱ ነክሶ እንደ ሕፃን ይንሰቀሰቅ ነበር።

ድምፁ ሲርቅ ጎራው ቀና ብሎ አፈሩን ተፋ። «ጨው ይጎድለዋል፤» አለ። ማንም አልሳቀም።

ኅሪት ሻሿን ፈታ አየችው። በማጅራቷ በኩል ከስሎ በእጇ ላይ ተፈረፈረ።

«ጨርቅ አይበቃም፤» አለች። «አንድ ክንድ ቀርቦ ቢሆን ኖሮ ሻሹ ነድዶ ዓይናችን ይገለጥ ነበር።»

በዋሻው ውስጥ የኤልዛር አጽም በድንጋይ አልጋ ላይ ተጋድሞ ነበር። የባለ እጆች ደንብ አስቀድሞ ማየትን፣ ከዚያ መቁጠርን፣ በመጨረሻ መንካትን ያዛልና ኅሪት ተንበርክካ ብዙ ቆየች።

«ቅርፊቶቹ በሥዕሉ እንደ ጣሪያ ክዳን ወደ ታች ተደራርበዋል፤» አለች ቀስ ብላ። «እዚህ ግን የታችኛው የላይኛውን ይሸፍናል። አውሬው ጥፍሩን ከሥር ወደ ላይ ይሰነዝራል ማለት ነው፤ በአባቴ ጥሩር ቅርፊቱን ፈልቅቆ ይገባ ነበር።»

ቀጥላ የራስ ቁሩን አነሣች። ከፊት ለፊቱ የተበየደ ብረት ነበረበት፤ ከግንባር እስከ አገጭ ድፍን ነው።

«ዓይኑስ?» አለ ጎራው።

«ዝገት ደፍኖት ይሆናል፤» አሉ መምህር ቀጸላ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

ኅሪት ውስጡን በአውራ ጣቷ ዳበሰች። «የመዶሻው ዱካ ዓይን በሚሆንበት ቦታ ላይ ሳይቋረጥ ያልፋል መምህር። እዚህ ቀዳዳ ኖሮ አያውቅም።»

«ታዲያ ንጉሡ ተደናብረው ነው የተዋጉት? እኛ ዓይናችን እያየ በጠራራ ፀሐይ መንገድ ስንስት!» አለ ጎራው።

ኅሪት ወደ አጽሙ ጎንበስ አለች። በአጽሙ ግራ እጅ ላይ የብረት ቀለበት፣ ከቀለበቱም የክንድ ተኩል ሰንሰለት ነበር። ተከተለችው። ሰንሰለቱ የደረሰው ከንጉሡ ጎን ከተኛው ሁለተኛ አጽም እጅ ነው፤ ጥሩር የለው፣ ጋሻ የለው፤ ራሱ ግን ከንጉሡ ራስ ጋር በአንድ የድንጋይ ትራስ ላይ አርፏል።

«ምርኮኛ ከንጉሥ ጋር በአንድ ትራስ አይተኛም፤» አለች። «ደግሞም የንጉሡ ቀለበት ተበልቶ የሳሳው በፊት በኩል ነው። የተጎተቱት እሳቸው ናቸው። ይህ ሰው ይመራቸው ነበር፤ እሳቸው በማያዩበት እሱ ያይላቸው ነበር።»

መምህር ቀጸላ በድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጀርባቸው ጎበጠ።

«ልጄ፣ ስሚኝ፤» አሉ። «ከሠላሳ ዓመት በፊት የአዳራሹ ሥዕል ሲፈረፈር ያደስኩት እኔ ነኝ። ከላይ ያለውን ቀለም ስፍቅ ከሥሩ ሌላ፣ የጥንቱ ሥዕል ወጣ። ንጉሡ ፊት አልነበራቸውም፤ ጥቁር ብረት ብቻ። ጢስ ያበላሸው መሰለኝ፤ ጻድቅ ያለ ዓይን አይሣልም ብዬ ሁለት ዓይን ሠራሁላቸው። የታሰረው ሰው ደግሞ ሁለት ዓይን ነበረው። የታሰረ ሰው ጻድቅ ሊሆን አይችልም ብዬ ፊቱን በጎን አዙሬ አንዱን አጠፋሁበት። ሕግ ጠበቅሁ፤ ኮራሁም። ልዑል ናሆድን የገደለው የአባትሽ መዶሻ አይደለም፤ የእኔ ብሩሽ ነው።»

ሽማግሌው እጃቸውን በሰንሰለቱ ላይ አኖሩ።

«በኤልዛርና ስሙን በማላውቀው ባልንጀራቸው ፊት እምላለሁ፤» ብለው ቀጠሉ፤ «አንቺ በብረቱ ውስጥ፣ እኔ ከብረቱ ውጭ እንወጣለን።»

«መምህር፣ ያለዎት ሰባት እስትንፋስ ብቻ ነው!»

«ሰባ ዓመት በዓይኔ በልቻለሁ፤ ሰባት እስትንፋስ አያንሰኝም።»

ጎራው ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ልሁን። እግሬ ፈጣን ነው፤ እሳቸው ደረጃ ሲወጡ እንኳ ሁለቴ ያርፋሉ።»

«አንተ ባሻ፣ ስትፈራ ትቀልዳለህ፤» አሉት መምህሩ በርኅራኄ። «እኔ ሳይ እመጥናለሁ። ርቀትንና ቁመትን በአንድ እይታ መለካት የሠዓሊ ሙያ ነው።»

ወደ ሰርዶን ተመልሰው ኅሪት ስድስት ቀን ከእሳት ፊት አልተለየችም። ቅርፊቱን በመቃብሩ እንዳየችው ወደ ላይ ደራረበችው፤ ጠፍሩንም በጥንቱ ቀዳዳ ልክ አሳለፈችው። ከሥዕሉ ምንም አልወሰደችም። የሰንሰለቱ ቀለበቶች እንደ ጥንቶቹ በችንካር ተመትተው የሚዘጉ ነበሩ፤ በፍርሃት ሰዓት የሚከፈት መቆለፊያ የላቸውም። ድፍኑን የራስ ቁር በመጀመሪያ ስትለካው ከጨለማው እየጮኸች አወጣችው። ከዚያም አባቷ ከእስር ቤቱ መስኮት መዶሻዋን እንደሚያዳምጡ አስባ እንደ ገና አጠለቀችው።

በአሥራ አምስተኛው ቀን፣ ቀትር ሲቃረብ፣ ቀለበቶቹ በኅሪትና በመምህር ቀጸላ እጆች ላይ ተመቱ። ጎራው የከተማውን በር ከፈተላቸው። አልቀለደም። የመምህሩን ጉልበት ስሞ ዘወር አለ።

በብረቱ ውስጥ ኅሪት የምትሰማው የገዛ ልቧን ነበር። በግራ እጇ ሰንሰለቱ በቀስታ ይስባታል።

«መሬት መሬት እያየሁ ነው ልጄ። ገና አልቀናሁም። ድንጋይ አለ፣ እግርሽን አንሺ። እንዲህ ነው።» ከዚያ ነፋሱ ቆመ። «ፈርቻለሁ ኅሪት።»

«እኔም መምህር።»

«እንግዲያስ ሁለት ነን። አሁን ቀና እላለሁ።»

ሰንሰለቱ አንዴ ተንቀጠቀጠ፤ ጸናም።

«ግራ፣ ሦስት ርምጃ!» አንድ እስትንፋስ። «ቁሚ! ጦሩን ዝቅ!» ሁለት። ጥፍር ከሥር ተነሥቶ ደረቷን መታት፤ በቅርፊቶቹ ላይ እያፏጨ ተንሸራተተ እንጂ አልገባም። ትኩሳቱ በብረቱ ውስጥ ቆዳዋን ለበለባት፤ ዓይኗም ያለ ፈቃዷ ተገለጠ፤ ነገር ግን ጨለማ ብቻ አየ። «አንድ ርምጃ ወደ ፊት፣» አሉ መምህሩ፤ ሦስት፤ ድምፃቸው እንደ ክር ቀጥኖ ነበር። አራት። «አፉን እየከፈተ ነው፤ ጠብቂ፣ ጠብቂ።» አምስት። በስድስተኛው ድምፅ አልመጣም። ኅሪት ጦሯን ይዛ፣ ወዴት እንደምትወጋ ሳታውቅ ቆመች፤ በሕይወቷ እንደዚያች ቅጽበት ረጅም ዘመን አልኖረችም። በሰባተኛው ሰንሰለቱ በድንገት ወደ ላይና ወደ ቀኝ ሳባት፤ ሽማግሌው በቀረችው ጉልበታቸው እጇን ራሱን እየመሯት ነበር። በተሳበችበት አቅጣጫ መላ አካሏን ከጦሩ ጋር ወረወረች።

የሆነ ነገር ተሰበረ። ምድር ተንቀጠቀጠች። ከዚያም ሰንሰለቱ ከበደ።

«መምህር?»

መልስ የለም። አውሬው ሞቶ እንደ ሆነ፣ ወይስ በፊቷ ቆሞ እያያት እንደ ሆነ የሚነግራት ዓይን አልቀረም። የራስ ቁሯን እስካላነሣች ድረስ ደኅና ነበረች፤ ከሰንሰለቱ ወዲያ ግን ምናልባት ገና የሚተነፍስ ሰው ነበር። የራስ ቁሯን ጠፍር ፈታች።

ስለ ዘቀትር መልክ እስከ ዕለተ ሞቷ አልተናገረችም፤ ወድቆ እንደ ነበር፣ ዓይኖቹም እንደ ተከደኑ ብቻ ተናገረች። መምህር ቀጸላ በጀርባቸው ተንጋልለው ነበር። አልተነፈሱም።

ጎራውና ዘቦቹ ሽማግሌውን በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ከተማ ሲያስገቡ ኅሪት በጎናቸው ሄደች፤ ሌላ ሰው ሰንሰለቱን እንዲቆርጠው አልፈቀደችም። ንጉሥ አርዳሚስ በእስር ቤቱ ደጃፍ ቆመው የባለ እጅ ኮስትርን የእጅ ሰንሰለት በገዛ እጃቸው ፈቱ። «ፍርዴ ተሳስቶ ነበር፤» አሉ።

ኮስትር ልጃቸውን አላቀፏትም፤ አስቀድመው የደረቷን ቅርፊቶች አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱ።

«አንዲትም አልተነቀለችም፤» አሉ እንባቸው እየወረደ።

«አዎን አባቴ። ብረቱ አልተበሳም። የሞተው ከብረቱ ውጭ የነበረው ነው።»

አባቷ ሰንሰለቱን በዓይናቸው ተከትለው ወደ ቃሬዛው ተመለከቱ። ከዚያም መዶሻና መስፍ፣ ብረት የሚቀጠቀጥበት፣ እንዲመጣላቸው ጠየቁ። የልጃቸውን እጅ በመስፉ ላይ አኖሩ፤ እስር ባላላው ክንዳቸው መቱ፤ ሳቱም። ሁለተኛ መቱ። በሦስተኛው ችንካሩ ተበጠሰ፤ ቀለበቱም ተከፍቶ ወደቀ።

ኅሪት ግን ገና ከመምህሩ ጋር የታሰረች ይመስል እጇን ከመስፉ ላይ አላነሣችም።